የመተንፈሻ መሣሪያና የአንጎል ግፊት በካራ ከፍታ



ከኮተቤ ተነሥቶ በካራ በኩል ወደ እንጦጦ ዳገት የሚወጣ ሰው ትንፋሹ ቶሎ ቶሎ የሚለው ድካም ብቻ ሆኖ አይደለም፤ አየሩም የሳሳ ስለ ሆነ ነው። ይህ የአየር መሳሳት በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥም አለ። ዳሩ ግን በዚያ የሚያስተነፍሰው መሣሪያ በመሆኑ ለማንም አይሰማውም።

የራስ ቅል የማይለጠጥ አጥንት ነው። ስኮትላንዳውያኑ ሐኪሞች አሌክሳንደር ሞንሮ በ1783፣ ጆርጅ ኬሊ በ1824 እ.ኤ.አ. ባቆሙት ትምህርት መሠረት፣ በውስጡ ከሚገኙት ከአንጎል፣ ከደምና ከፈሳሽ አንዱ ሲጨምር ሌላው ካልቀነሰ ግፊቱ ከፍ ይላል። ከሦስቱ ማደንዘዣ ሰጪው በመሣሪያው አማካይነት ፈጥኖ ሊለውጠው የሚችለው ደሙን ነው። በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ1 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲቀንስ፣ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ከ3 እስከ 4 ከመቶ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ትንፋሹ ሲበዛ አንጎሉ ይረግባል፤ ሲያንስ ያብጣል። ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ግን የደም ቧንቧዎቹ ጠበው አንጎሉ በደም እጦት ይጎዳል። እንዲሁም በትንፋሽ መጨረሻ በሳንባ ውስጥ እንዲቀር የሚደረገው ግፊት ሲበዛ፣ ከራስ ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ሊያግድ ይችላል።

ከፍታው ነገሩን የሚለውጠው በመለኪያው ላይ ነው። የአየር ግፊት በባሕር ወለል 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። በ2,400 ሜትር ከፍታ ግን ወደ 570 ገደማ ይወርዳል፤ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ይብሱን ያንሳል። መለኪያው በሚወጣው ትንፋሽ ውስጥ 5 ከመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ ቢል፣ የውኃው ተን ሳይቀነስ፣ በባሕር ወለል 38፣ በዚህ ግን 28.5 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ብቻ ነው። እንግዲህ በባሕር ወለል በተጻፈ መጽሐፍ ተመርቶ 5 ከመቶን የሚጠብቅ ባለሙያ፣ ሳያውቀው ሕመምተኛውን ከመጠን በላይ ያስተነፍሳል። አንጎሉ በቀዶ ሐኪሙ ፊት ረግቦ ስለሚታይ ሥራው የተሳካ ይመስላል፤ ጉዳቱ የሚታወቀው ሕመምተኛው ሲነቃ ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ2006 እ.ኤ.አ. የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን ከጀመረ ወዲህ፣ ይህን መሰሉ ቀዶ ሕክምና በሀገሪቱ እየተስፋፋ ሄዷል። ስለዚህ ራስ ቅል ከመከፈቱ አስቀድሞ መለኪያው በሚሊሜትር ሜርኩሪ እንዲያነብ ይደረግ፤ የሥፍራው የአየር ግፊት ታውቆ ይመዝገብ። የደም ጋዝ ምርመራ ሲገኝም ሁለቱ ቁጥሮች ይመሳከሩ፤ ከደም የሚለካው ከትንፋሽ ከሚለካው ብዙውን ጊዜ ጥቂት ከፍ ይላልና።