ኩኪና የማኅበራችን ስልክ



ባለፈው ወር ከመካከላችን አንዷ በማኅበሩ ስልክ ኢሜይሏን ከፍታ ሳትዘጋ ሄደች። በማግስቱ ለሒሳብ ሥራ ክሮምን ስንከፍት የእሷ ደብዳቤዎች ወጡብን፤ የይለፍ ቃልም አልጠየቀንም። ምክንያቱ ኩኪ ነው።

ኩኪ ከጤና ጣቢያ እንደሚሰጠን ካርድ ነው። እኛ ዘንድ ያለው ቁጥሩ ነው፤ ፋይሉ እነሱ ዘንድ ነው። ድረ ገጹም ቁጥር ስልካችን ላይ ያስቀምጥና ስንመለስ በእሱ ያውቀናል። ስልኩን ሌላ ሰው ቢይዘውም ድረ ገጹ እኛ ነን ብሎ ያስገባዋል።

ያለ ኩኪ በየገጹ የይለፍ ቃል በተጠየቅን ነበር፤ ስለዚህ ይጠቅማል። የማስታወቂያ ድርጅቶች የሚያስቀምጡት «የሦስተኛ ወገን ኩኪ» ግን ሌላ ነው። አንድ ገጽ ላይ የኤሌክትሪክ ምጣድ ካየን በሌላውም ገጽ ምጣድ የሚከተለን በእሱ ነው።

እንግዲህ በጋራ ስልክ ስንጠቀም ጨርሰን እንውጣ። በክሮም ቅንብሮች «ግላዊነት እና ደህንነት» ገብተን የሦስተኛ ወገን ኩኪን እንከልክል፤ የቆየውንም እንሰርዝ። ስንሰርዝ ከብዙ ድረ ገጾች ስለሚያስወጣን የይለፍ ቃላችንን አስቀድመን እንያዝ።

አገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አውጥታለች። ስለ እኛ የተያዘውን መረጃ የመጠየቅ መብት አለን። እስከዚያው ግን የማኅበሩን ሣጥን ሳንቆልፍ እንደማንሄድ ሁሉ ስልኩንም ሳንወጣ አናስቀምጥ።