የክር ማጠንጠኛና ዋጋው



ለዓሣ ማስገሪያ ዘንግ የሚሆን የክር ማጠንጠኛ ገዢ በቅድሚያ ሊመረምር የሚገባው ዋጋውን ሳይሆን፣ የትኛውን ዓሣ በየትኛው ውኃ እንደሚያሰግር ነው።

እንግሊዛዊው የሱፍ ፋብሪካ ባለቤት አልፍሬድ ኢሊንግዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ማጠንጠኛ፣ ክሩ ሲወረወር እንዝርቱ ስለማይዞር ቀላል ማባበያን እሩቅ ለማድረስ አስችሏል። ይህ መሠረታዊ አሠራር ዛሬም በርካሹም ሆነ በውዱ ይገኛል።

ታዲያ ተጨማሪው ገንዘብ ምን ይገዛል? በባሕር ለሚያሰግር ሰው፣ ጨው የማይበላው ብረትና በሚገባ የታሸገ ኩሽኔታ ይገዛለታል። በሐይቅ ቆሮሶ ለሚያጠምድ ግን ይህ ሁሉ ትርፍ ወጪ ነው።

በጫሞ ሐይቅ የሚገኘው ነጭ ዓሣ፣ ማለትም ናይል ፐርች፣ ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን የሚችል ዝርያ ስለሆነ ጉዳዩ ይለያል። እዚያ ዋናው ነገር ፍሬኑ ነው፤ ዓሣው ሲሮጥ ክሩን በእኩል ኃይል መልቀቅ አለበት። አንድ ጊዜ ከያዘ ክሩ ይበጠሳል፤ ዓሣውም መንጠቆውን በአፉ እንደያዘ ይሄዳል፤ ለአጥማጁም ለሐይቁም ሳይጠቅም ይጎዳል።

ስለዚህ አስተዋይ ገዢ የሚከፍለው ለስሙና ለውበቱ ሳይሆን ለፍሬኑ ነው፤ ክሩን በእጁ ስቦ ሳይፈትን ኪሱን አይከፍትም።