ከተናገረው አፍ



ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ባቀፈው ሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ል. መስጂዶች ሲፈርሱ የነበረውን ጭንቀት አልረሳነውም። ግንቦት 18 እና 25፣ በሁለቱ ጁምዓዎች፣ በአዲስ አበባ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ «እገሌ በቃለ መጠይቅ እንዲህ አለ» የሚል ሁለት መስመር በስልካችን ይመጣል። ማን ጠየቀው? በየትኛው ጣቢያ? መቼ? አይልም። ቁጣው ግን ቀድሞ ይደርሳል።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት ወሬን እንድናጣራ ማዘዙን ሁላችንም እናውቃለን። ሳይጣራ ሲቀር የሚከፈለውን ደግሞ የሀገራችን ታሪክ ያሳየናል። ወደ ሐበሻ የተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሶሓቦች «ቁረይሾች ሰለሙ» የሚል ወሬ ሰምተው፣ ሰላም ካገኙበት ከነጃሺ አገር ተነሱ። ባሕር ተሻግረው መካ ሲቃረቡ ወሬው ሐሰት ሆኖ ተገኘ። ገሚሱ በሰው ጥበቃ ሥር ገባ፤ ሌላው ወደ ሐበሻ ተመለሰ። የሲራ ጸሐፊዎች የወሬውን መነሻ ከሱረቱ ነጅም ጋር ያያይዙታል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሱራውን ቀርተው ሱጁድ ሲወርዱ ሙሽሪኮቹም አብረው ወርደዋል፤ ይህ በቡኻሪ ተዘግቧል። ሱጁዱ እውነት ነው፤ መስለማቸው ግን በመንገድ የተጨመረ ነው።

ቃለ መጠይቅም የሚበላሸው እንዲሁ ነው። በኦሮምኛ ለግማሽ ሰዓት የተነገረው በአማርኛ ሁለት መስመር ሲሆን «ከሆነ» የምትለዋ ቃል ትወድቃለች። ወይም የዛሬ ሦስት ዓመት የተባለው ትናንት እንደተባለ ይመጣል። ስለዚህ የጣቢያውን ስም ይዛችሁ ወደ ራሱ ወደ ጣቢያው ሂዱ። ቀኑን እዩ፤ ጥያቄውንም መልሱንም ስሙ። ቋንቋውን የማታውቁ የሚያስረዳ ጎረቤት አታጡም፤ በሰበታ ይህ መቼም አይቸግርም። መጅሊሱ አለ ከተባለም የመጅሊሱን መግለጫ ፈልጉ። ምንጩ ካልተገኘ ከእናንተ ስልክ አይለፍ።

ጃቢር ኢብኑ ዐብዱላህ (ረ.ዐ) አንድ ሐዲስ በሌላ ሰው በኩል ደረሳቸው። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጆሯቸው የሰሙት ዐብዱላህ ኢብኑ ኡነይስ ሻም ነበሩ። ጃቢር ግመል ገዝተው አንድ ወር ተጓዙ። ደጃፋቸው ሲደርሱ ተቃቀፉ። ጃቢርም ሐዲሱን ከእርሳቸው ሳይሰሙ ከሁለት አንዳቸው እንዳይሞቱ ሰግተው እንደመጡ ነገሯቸው፤ ሰምተውም ተመለሱ።