ከደመና በስተጀርባ ያለው መልስ



የዛሬው ንግግሬ ስለ ትሪጎኖሜትሪ እኩልታዎች አፈታት ነው። ሆኖም ከሰሌዳው ሳይሆን ከሰከላ ወረዳ፣ ከግሽ ዓባይ ልጀምር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 ከምንጩ ደርሶ የሰማይ አካላትን ከፍታ በመለካት የቦታውን ኬክሮስ ወደ 11 ዲግሪ ሰሜን አስልቷል። እኛም ከዚህ ቁጥር ተነሥተን እንጠይቅ፦ በግሽ ዓባይ ፀሐይ በቀትር ልክ በአናት ላይ የምትውለው፣ ቀጥ ብሎ የቆመ በትርም ጥላ የሚያጣው መቼ ነው?

ቀንና ሌሊት እኩል ከሚሆኑበት ከመጋቢት 11 ገደማ ጀምሮ ፀሐይ በዓመታዊ ጎዳናዋ የሄደችውን ዘዌ «ቀ» እንበለው። የምድር ዘንግ ዝንባሌ 23.44 ዲግሪ ስለሆነ፣ ጥያቄው እንዲህ ይጻፋል፦

ሳይን 11 = ሳይን 23.44 × ሳይን ቀ

ስለዚህ ሳይን ቀ 0.48 ገደማ ነው። የሒሳብ መኪናው 28.7 ዲግሪ ይለናል፤ ይህም ሚያዝያ 10 አካባቢ ይውላል። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ብዕሩን ያስቀምጣል፤ እኔም በተማሪነቴ አስቀምጬ ነበር። ነገር ግን ሳይን (180 − ቀ) = ሳይን ቀ መሆኑን እናውቃለን። ይህ አይደንቲቲ፣ ማለትም ለማንኛውም ዘዌ የሚጸና እኩልነት፣ ሁለተኛውን መልስ 151.3 ዲግሪ ይሰጠናል፤ ይኸውም ነሐሴ 18 አካባቢ ነው። በነሐሴ የምዕራብ ጎጃም ሰማይ በክረምት ደመና ይሸፈናልና በትሩ ጥላ ማጣቱን ማየት ያስቸግራል። ዓይን የሳተውን መልስ አይደንቲቲው አልሳተውም።

በዚያው ዕለት የበትሩ ጥላ ከቁመቱ ጋር እኩል የሚሆነውስ በስንት ሰዓት ነው? ያን ጊዜ የፀሐይ ከፍታ 45 ዲግሪ ነው። ከቀትር የራቀችበትን ዘዌ «ሰ» ብንለው፦

ሳይን 45 = ሳይን² 11 + ኮሳይን² 11 × ኮሳይን ሰ

ሳይን² 11ን በ1 − ኮሳይን² 11፣ 1 − ኮሳይን ሰን ደግሞ በ2 ሳይን² (ሰ/2) ብንተካ፦

ሳይን 45 = 1 − 2 ኮሳይን² 11 × ሳይን² (ሰ/2)

ከዚህ ሳይን² (ሰ/2) 0.152 ይሆናል፤ ሰም +45.9 እና −45.9 ዲግሪ ነው። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትሄድ፣ ይህ ከቀትር በፊትና በኋላ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፤ በፀሐይ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 እና ከቀኑ 9 ሰዓት መሆኑ ነው። የመቀነስ ምልክቱን የዘነጋ ሰው ጠዋቱን ወይም ከሰዓት በኋላውን ያጣል።

ልብ በሉ፤ አይደንቲቲ ትርጉም ባለበት ሁሉ ስለሚጸና፣ በዚያ ክልል ውስጥ እርሱን መተካት መልስ አያጠፋም፣ አይጨምርምም። ጥፋቱ የሚመጣው ከእኛ ተግባር ነው። ሳይን 2ቀ = ሳይን ቀ የሚለውን በሳይን ቀ ያካፈለ፣ ሳይን ቀ ዜሮ የሚሆንባቸውን መልሶች ይጥላል። ሳይን ቀ + ኮሳይን ቀ = 1 የሚለውን በሁለቱም ወገን በራሱ ያባዛ ደግሞ ሳይን 2ቀ = 0 ላይ ይደርስና 180 ዲግሪን እንደ መልስ ይቀበላል፤ ወደ መነሻው ቢመልሰው ግን 0 − 1 = 1 የሚል ሐሰት ያገኛል።

እንግዲህ ተማሪዎቻችንን «መልሱ ስንት ነው?» ብለን ብቻ አንጠይቃቸው። «ሌላስ አለ ወይ? ያገኘኸውስ እውነተኛ ነው ወይ?» እንበላቸው። አንድ መልስ ይዞ የሚረካ ሰው ሚያዝያን ያውቃል፤ ነሐሴን ግን አያውቅም።