ለክረምት ልምምድ ስንቅና ጓዝ
(ለትምህርት ቤቱ ስካውቶች የተደረገ ንግግር)



በነሐሴ ወደ መናገሻ ደን ስንወጣ የሚፈታተነን ዝናቡ ነው። የወጨጫ ተራራ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ይበልጣልና ሌሊቱም ብርቱ ብርድ አለው። ስለዚህ ብርድ ልብስና የሌሊት ካልሲ በላስቲክ ተጠቅልለው ከሻንጣው ግርጌ ይግቡ፤ የዝናብ ልብስ ግን ከላይ ይሁን፤ ዝናብ ሻንጣ እስኪፈታ አይጠብቅምና። ለስንቅ በሶና ዳቦ ቆሎ ይበቃሉ፤ እሳት አይጠይቁም። (እናቶቻችን ሆይ፤ ለዐሥር ሰው የሚበቃ አታስይዙን፤ ተሸካሚዎቹ እኛው ነን።) አዲስ ጫማም አትግዙልን፤ እግር ይልጣል።

ብርድ ልብስ ስለሌለው ስሙን ያሰረዘ ልጅ መኖሩን ሰምቻለሁ። ትርፍ ያለው እስከ ዓርብ ለቡድን መሪው ያስረክብ፤ የሰጪም የተቀባይም ስም አይጻፍ። ያ ልጅም ስሙን ዛሬውኑ ያስመዝግብ።