የተጫረ ቀንድ፦ ቀለሙና ዋጋው
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከቀንድ ዋንጫና የአንገት ጌጥ የምትሠሩ አባሎቻችን በሥራችሁ ላይ ስምና ሥዕል መጫር ስለጀመራችሁ፣ ስለ ቀለም አቀባቡ እንድናገር ተጠይቄአለሁ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ስለ ዋጋውም ሳልናገር አልቀመጥም።

ሙያው በሰሜን አሜሪካ የቆየ ታሪክ አለው። በ18ኛው መቶ ዘመን እዚያ የነበሩ ወታደሮችና አዳኞች ባሩዳቸውን የሚይዙት በከብት ቀንድ ነበር። ቀንድ ቀላል ነው፤ ውኃ አያስገባም፤ የእሳት ብልጭታም አያወጣም። እንግሊዞችና ፈረንሳዮች በዚያ ምድር ከ1754 እስከ 1763 እ.ኤ.አ. በተዋጉበት ጊዜ ብዙ ወታደሮች ስማቸውን፣ ዓመተ ምሕረቱን፣ የምሽግና የወንዝ ካርታ ሳይቀር በባሩድ ቀንዳቸው ላይ ጭረዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀንዱ መጀመሪያ ይፋቃል፤ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ይለሰልሳል። ይህ ከተዘለለ ቀለሙ ባልተፈለገ ጭረት ሁሉ ገብቶ ሥራውን ያቆሽሻል። መደቡ ቢጫ ወይም ቡናማ እንዲሆን ከተፈለገ የሱፍ ማቅለሚያ በሞቀ ውኃና በትንሽ አቼቶ በጥብጦ መንከር ነው። ቀንድም ሱፍም ከአንድ ዓይነት ነገር የተሠሩ ስለሆኑ ቀለሙን ይቀበላሉ። ውኃው ግን አይፍላ፤ ቀንድ በኃይለኛ ሙቀት ይለዝብና ቅርፁ ይበላሻል። ማቅለሚያው ከላይ ብቻ ስለሚይዝ ከዚያ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት አይነካም።

ቀጥሎ ሥዕሉ በሹል መርፌ ይጫራል። ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ወዲያው በጨርቅ ሲወለወል ከላይ ያለው ይጠረግና በጭረቱ ውስጥ የገባው ብቻ ይቀራል። የብራና ጸሐፊዎቻችን እንደሚያዘጋጁት ከጥላሸት የተሠራ ቀለም ለዚህ ይሆናል። ቀንዱ ራሱ ጥቁር ከሆነ ደግሞ ነጭ ቀለም ነው የሚታየው። በመጨረሻ ሰም ይቀባል።

እህቶቼ፣ ቀለም ያልገባበት ጭረት አለ፤ ግን አይታይም። በደብተር ያልሰፈረ ድካማችንም እንደዚያው ነው። ዋጋ ስንተምን የቀንዱንና የቀለሙን ወጪ እንቆጥራለን፤ የእጃችንን ሰዓት ግን እንረሳለን። ለምሳሌ ቀንዱ 100 ብር፣ ቀለሙና ሌላው ዕቃ 30 ብር ይሁን። ለመፋቅ፣ ለመጫርና ለመቀባት 6 ሰዓት ፈጀ እንበል። ሰዓቱን በ40 ብር ብናስበው 240 ብር ነው። ድምሩ 370 ብር ይመጣል። ይህን ዋንጫ በ300 ብር የሸጠች እህት 170 ብር ያተረፈች ይመስላታል፤ ነገር ግን 70 ብር ከጉልበቷ ላይ መርቃ ሰጥታለች።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በየደብተራችን ላይ «የሥራ ሰዓት» የሚል አንድ ዓምድ እንጨምር። ሥራ ስንጀምርና ስናቆም ሰዓቱን እንጻፍበት። መጻፍ ለሚያስቸግራት እህት ልጇ ወይም ጎረቤቷ ትጻፍላት። በሚቀጥለው ወር ደብተሮቻችንን ይዘን እንገናኝና ዋጋውን አብረን እንተምናለን።