«ወዴት ልራመድ?»

በቀድሞ ተማሪዎች ዳግም መገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር



አዘጋጆቹ ደውለው «ርዕሱን ራስሽ ምረጪ» ሲሉኝ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት እንደማወራ ጠብቀው ይመስለኛል። አልተሳሳቱም፤ ስለ እሱ ነው የማወራው። ብቻ በመድኃኒት በር ሳይሆን በከተማ ፕላን በር ነው የምገባው። የውስጥ ደዌ ሐኪም ከካርታ ጋር ምን አገናኛት የምትሉ ትንሽ ታገሱኝ።

እስቲ ወደ ተማሪነታችን እንመለስ። በቀን ስንት ኪሎ ሜትር እንሄድ ነበር? ከዶርም ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ዋርድ፣ ማታ ለተረኝነት እንደገና ወደ ዋርድ። ሐሙስ ገበያ፣ እሁድ ፈረንጅ አራዳ። የጅማ ዝናብ ሲይዘን ደግሞ ሩጫም ነበረበት። ሲ.ቢ.ቲ.ፒ. ሲደርስ ቅጻችንን ታቅፈን ቤት ለቤት ስንዞር እንውላለን፤ ውሻ ያላሯሯጠው ካለ እጁን ያውጣ። ቲ.ቲ.ፒ. አጋሮና አሰንዳቦ የወጣችሁማ የራሳችሁን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ያኔ «ስፖርት ሥሩ» ያለን ሰው አልነበረም። ማንም ሳያዘን እንራመድ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሻይ ላይ ግን ቀበቶዎቻችሁን ተመለከትኩ። የራሴንም ቀሚስ አልደብቅም። ላቦራቶሪ መላክ አያስፈልግም!

ታዲያ ምን ሆነን ነው? ሁላችንም በአንድ ጊዜ ሰነፍን ማለት ይከብደኛል። እኔ የማየው ቤታችን፣ ሥራችንና ገበያችን መራራቃቸውን ነው። ይህ በደንብ የገባኝ ደግሞ በአንዲት ታካሚዬ ምክንያት ነው።

የምሠራው አዲስ አበባ ዳር፣ ትልልቅ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ባሉበት አቅጣጫ ነው። እኚህ እናት 58 ዓመታቸው ነው። መሀል ከተማ ቀበሌ ቤት ውስጥ ሰላሳ ዓመት ኖረዋል። ጉሊት ነበራቸው፤ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ድንች ይሸጣሉ። ከቤታቸው እስከ ጉሊቱ በእግር አሥር ደቂቃ ነበር። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ዳር ላይ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፤ አራተኛ ፎቅ። ደንበኞቻቸው ግን እዚያው መሀል ቀሩ። ስለዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ይነሳሉ፣ ሰልፍ ይይዛሉ፣ ሁለት ታክሲ ይቀይራሉ። አመሻሽ ላይም ያው ነው። በቀን አራት ሰዓት ያህል መኪና ውስጥ ቁጭ ብለው ያልፋል።

እኔ ምን አደረግሁ? ግፊታቸውን ለካሁ፤ 170 በ100። መድኃኒት ጻፍኩ። ከዚያም ሁላችንም የምንላትን አልኩ፦ «እማማ፣ በቀን ሰላሳ ደቂቃ ይራመዱ።»

ቀና ብለው አዩኝና «ወዴት ልራመድ ልጄ?» አሉኝ።

ቀልድ መሰለኝ፤ ሳቅሁ። ቀጣዩን ታካሚ አስጠራሁ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ቀሩ። በሦስተኛውም ቀሩ። እኛ በር ስንከፍት እሳቸው ከተማው ማዶ ናቸው፤ ለክትትል መምጣት ማለት ያን ቀን አለመሸጥ ነው። ይህን አልጠየቅኋቸውም። ካርዳቸው ላይ የጻፍኩት «ክትትል ያቋርጣሉ» ብቻ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ አላቸው።

ቤታቸው ድረስ የሄድኩት ያኔ ነው፤ ከቲ.ቲ.ፒ. ወዲህ የመጀመሪያዬ የቤት ጉብኝት። ደረጃውን እየቆጠርኩ ወጣሁ፤ 72 ደረጃ፤ ሊፍት የለም። ለቀጠሮ ሲመጡ ልጃቸውና ጎረቤቱ በወንበር ተሸክመው ነው የሚያወርዷቸው። እሳቸው ግን ቤቱን አላማረሩም። «ውሃው የራሴ፣ ሽንት ቤቱ የራሴ፣ በክረምት አያፈስብኝ፤ ቤቱስ ተመስገን ነው» አሉኝ። ተነስቼ በመስኮት አየሁ። ሰፊ አስፋልት፣ አንድ ዛፍ የሌለበት። ማዶ ሌላ ብሎክ፣ ከእሱም ማዶ ሌላ ብሎክ። ለካ የያኔው ንግግራቸው ቀልድ አልነበረም። የምር ጠይቀውኝ ነበር፤ እኔ መልስ አልነበረኝም።

ስትሮኩን ያመጣው የመኖሪያ ቦታ መቀየር ነው አልልም፤ እንደዚያ ብል መምህራኖቼ እዚሁ ውጤቴን ይሰርዙብኛል። ግን የሰጠኋቸው ምክር እሳቸው በሚኖሩበት ቦታ ሊፈጸም የማይችል ምክር ነበር። ካርዱ ላይ ያሰፈርኩት ቃል እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት የእኛኑ ሙያ ሰው ነው። ጄሪ ሞሪስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሾፌሮችንና ትኬት ቆራጮችን አነጻጽሮ እ.ኤ.አ. በ1953 ላንሴት ላይ አወጣ። ሁለቱም በአንድ አውቶቡስ ውስጥ ነው የሚውሉት። ሾፌሩ ቁጭ ይላል፤ ትኬት ቆራጩ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል። የልብ ደም ሥር ሕመም የበዛው ሾፌሮቹ ላይ ሆኖ ተገኘ። ትኬት ቆራጩን እኮ ስፖርት ሥራ ያለው የለም፤ ሥራው ነው ያራመደው። ሞሪስ ራሱ 99 ዓመት ኖሯል፤ ምክሩን በራሱ ላይ ሞክሮታል ማለት ነው።

ሁለተኛው ሐኪምም አርክቴክትም አይደለም። ኤበኔዘር ሃዋርድ የእንግሊዝ ፓርላማ ንግግር በአጭር ጽሕፈት የሚጽፍ ሠራተኛ ነበር። የለንደን መጨናነቅ አስመርሮት እ.ኤ.አ. በ1898 ስለ አዲስ ዓይነት ከተማ መጽሐፍ አሳተመ። የሰው ቁጥር 32,000፤ ከእነዚህ 30,000ው በከተማዋ፣ 2,000ው በዙሪያዋ ባለው እርሻ። መሀሉ ላይ የአትክልት ቦታ፣ በአጠገቡ ሆስፒታልና ቤተ መጻሕፍት፤ ቀጥሎ ቤቶች፤ ዳር ላይ በባቡር መስመሩ ጥግ ፋብሪካዎች። ከመሀል እስከ ዳር 1,240 ያርድ ነው፤ በእኛ 1.1 ኪሎ ሜትር ያህል።

አሁን ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ሰው በሰዓት ወደ 5 ኪሎ ሜትር ይራመዳል። ስለዚህ 1.1 ኪሎ ሜትር ከ15 ደቂቃ አያልፍም። መሀል የሚኖር ሰው ጠዋት ወደ ፋብሪካው 15 ደቂቃ፣ ማታ ሲመለስ 15 ደቂቃ፤ በቀን 30። በሳምንት አምስት ቀን ቢሠራ 150 ደቂቃ። ይህ ቁጥር አዲስ አይደለም አይደል? የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ቢያንስ ይህን ያህል ብሎ የሚመክረው፣ እኛም በየቀኑ ማዘዣ ላይ የምናሰፍረው ነው። ቤትና ሥራ በዚህ ርቀት ከተቀመጡ እኔ የምጽፈው ትእዛዝ በካርታው ላይ አስቀድሞ ተጽፏል ማለት ነው።

ሃዋርድ በወረቀት ብቻ አልቀረም። ሌችዎርዝ የምትባለው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1903 ተጀመረች፤ ፋብሪካዎችም ገቡባት። ጉድለትም ነበረባት፤ ደመወዙ ዝቅተኛ የሆነው የጉልበት ሠራተኛ ኪራዩን ስላልቻለው ከከተማዋ ውጭ እየኖረ ይመላለስ ነበር። ትምህርቱ ለእኛም ይሆናል። ቤቱ ከሥራው አጠገብ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ የዚያ ሥራ ደመወዝ የዚያን ቤት ኪራይ መክፈል አለበት።

ወደ አገራችን ልምጣ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞች በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ቤተሰብ ጣሪያ ሰጥተዋል። ይህን ማቃለል አልፈልግም፤ ታካሚዬም አላቃለሉትም። ግን መሬት የተገኘው ዳር ነው፤ ሥራው መሀል ቀረ። ኮዬ ፈጬን፣ ቱሉ ዲምቱን፣ የካ አባዶን ያየ ሰው ጠዋት ሰልፉ ወደ የት እንደሚሄድ ያውቃል።

ሐዋሳ ደግሞ ተቃራኒውን ታሳየናለች። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ወደ 60,000 ሰው የሥራ ዕድል እንዲከፍት ታስቦ ነበር። ሥራው መጣ፤ መኖሪያው ግን እኩል አልመጣም። ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች አንዲት ክፍል ለብዙ ሆነው ተከራዩ፤ ኪራዩም ተወደደ። የማታ ፈረቃ ጨርሶ በጨለማ ወደ ቤት መመለስ ለሴት ልጅ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ላላችሁ እህቶቼ መናገር የለብኝም። አንዱ ጋ ቤት ያለ ሥራ፣ ሌላው ጋ ሥራ ያለ ቤት። ሁለቱም ቦታ ክፍተቱን የሚሞላው የሰው እንቅልፍ፣ የሰው ገንዘብና የሰው ጤና ነው።

«እኛ እኮ ድሮም እግረኛ ነን» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከሚደረገው ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር ነው። ነገር ግን በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹም እግረኞች ናቸው። አማራጭ ጠፍቶ መራመድ ሌላ ነው፤ ሳይፈሩ፣ በጥላ ሥር፣ ደርሶ ለመመለስ መራመድ ሌላ ነው። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ሲጀመር አስፋልት ላይ ልጆች ሲጫወቱ አይቼ ደስ ብሎኛል። በኮሪደር ልማቱም የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፤ የብስክሌት መስመርም አይተናል። መልካም ነው። ብቻ ያ ሰፊ መንገድ የሚያደርሰው የት ነው? ያን ሰፈር ለቀው የሄዱት ሰዎችስ አሁን በምን እግር ነው ሥራቸው የሚደርሱት? መንገዱን ከቤቱና ከሥራው ነጥለን ካየነው ግማሹን ነው የሠራነው።

ባለፈው ዓመት ስለ አንድ አዲስ ሰፈር ፕላን በተጠራ ውይይት ላይ «ከጤና ዘርፍ» ተብዬ ተጋበዝኩ። ካርታው ያምራል። ከእኔ የተፈለገው ጤና ጣቢያው ስንት ክፍል እንዲኖረው መናገር ነበር። «እዚህ የሚገቡት ሰዎች የት ነው የሚሠሩት?» ብዬ ጠየቅሁ። ትንሽ ዝም ተባለ። አንድ ወጣት አርክቴክት በትሕትና «ሥራው ቀስ እያለ ይመጣል ዶክተር፤ መጀመሪያ ሰዉ ቤት ይግባ» አለኝ። አልተቆጣሁትም፤ የተሰጠው በጀት የቤት በጀት ነው። ግን ያ «ቀስ እያለ» ስንት ደረጃ እንደሆነ እኔ ቆጥሬዋለሁ። ስለ ታካሚዬ ነገርኳቸው። በመጨረሻ ጤና ጣቢያው ከዋናው አስፋልት ማዶ ተነስቶ ገበያው አጠገብ እንዲሆን፣ ከብሎኮቹም የተወሰኑት ምድር ቤታቸው ለወርክሾፕ እንዲከፈት በቃለ ጉባኤ ተያዘ። ይፈጸም አይፈጸም አብረን እናያለን። ነገር ግን አንድ ሐኪም ስለ ሥራ ቦታ ስለጠየቀች ብቻ መስመር ከካርታ ላይ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

ስለዚህ ከእናንተ የምፈልገው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ለምናክም ሁላችን። ታሪክ ስንወስድ «ሲጋራ ያጨሳሉ?» ከሚለው ቀጥሎ ሦስት አጭር ጥያቄ እንጨምር፦ ሥራዎ የት ነው? በምን ይሄዳሉ? ስንት ሰዓት ይፈጅብዎታል? አንድ ደቂቃ አይወስድም። መልሱን ካወቅን ቀጠሮውን ቅዳሜ እናደርጋለን፤ መድኃኒቱን ለሦስት ወር እንሰጣለን፤ ቢያንስ የማይቻል ምክር አንመክርም። እኔ ጀምሬዋለሁ፤ «ያቋርጣሉ» ብዬ መጻፍ አቁሜያለሁ።

ሁለተኛ፣ ለመምህራኖቻችን። ዩኒቨርሲቲያችን «በማኅበረሰቡ ውስጥ ነን» ይላል፤ እኛንም ያሳደገን ይኸው ነው። ዛሬ ማኅበረሰቡ ፎቅ ላይ ወጥቷል። ተማሪዎቹ ጅማም ውስጥ አዳዲሶቹን ሰፈሮች በቅጽ ይዙሩ። ከጉድጓድ ሽንት ቤት ቆጠራ ጎን ለጎን የደረጃ ቁጥር፣ የጥላ ዛፍ፣ እስከ ሥራ ያለውን ደቂቃ ይቁጠሩ። የምህንድስናና የአርክቴክቸር ተማሪዎችም አብረዋቸው ይውጡ፤ ያ ትሑት ወጣት አርክቴክት ከአንዲት የሕክምና ተማሪ ጋር አንድ ክረምት ቤት ለቤት ዞሮ ቢሆን ኖሮ ጥያቄዬን እኔ ሳልጠይቀው እሱ ያነሳው ነበር።

ሦስተኛ፣ በየክልሉ፣ በየቢሮው፣ በውጭም ላላችሁ። ስለ አዲስ ከተማ ወይም ሰፈር ስብሰባ ስትጠሩ ሂዱ። የአልጋ ቁጥር ብቻ ተናግራችሁ አትውጡ። ቤቱ ከሥራው በእግር ስንት ደቂቃ ነው? የሠራተኛው ደመወዝ ቤቱን ይችለዋል? ሴት ልጅ ማታ ብቻዋን ትሄድበታለች? አንድ አዛውንት ከአራተኛ ፎቅ እንዴት ይወርዳሉ? እነዚህን ጠይቁ። ካርታ በእርሳስ ሳለ ይታረማል፤ ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ግን ወደ እኔ ክፍል ነው የሚመጣው።

ታካሚዬ ዛሬ በምርኩዝ ሳሎናቸው ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ። ልጃቸው ምድር ቤት ትንሽ ሱቅ ለመከራየት እየሞከረ ነው፤ ከተሳካለት ሽንኩርትና ቃሪያው እዚያ ይሆናል። ባለፈው ሳገኛቸው «ሱቁ ከተገኘ እኔም በቀን አንዴ ወርጄ እቀመጣለሁ፤ ያቺን ያልሽኝን ሰላሳ ደቂቃ እሞላታለሁ» አሉኝ። እኔም እንዲሳካላቸው እየጸለይኩ ነው።

ምሳው ከዚህ ራቅ ያለ አዳራሽ ውስጥ ነው ተብያለሁ። አውቶቡስ ቀርቧል። እኔ ግን በእግሬ ነው የምሄደው፤ በድሮው በዋርዱ መንገድ። አብሮኝ የሚራመድ ይምጣ።